«ጥሩ ዕድል አለ፣ ተገናኝተን ላሳይህ» ለሚል ሰው ምን ይመለሳል? የኔትወርክ ማርኬቲንግ ግብዣን የማስተናገጃ መመሪያ

ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለዓመታት ጠፍቶ የነበረ ጓደኛዬ ደውሎ የሥራ ዕድል አለ አለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አይነግረኝም። ሳላስቀይመው እንዴት እምቢ ልበል?» ደዋዩ አንዳንዴ ጓደኛ ሳይሆን አክስት፣ የሥራ አለቃ ወይም ጭራሽ የማይታወቅ ሰው ይሆናል። አካሄዱ ግን ብዙም ስለማይለያይ መልሱን በቅደም ተከተል አስቀምጠነዋል። መመሪያው የሚመለከተው ምርት ከመሸጥ በተጨማሪ፣ ወይም ምርት ከመሸጥ ይልቅ፣ ሌሎች ሰዎችን በማስመዝገብ ኮሚሽን የሚታሰብበትን ማንኛውንም ግብዣ ነው።

የሚያስፈልግዎት

• የመልእክት ልውውጡ ሳይሰረዝ ያለበት ስልክ
• አስቀድሞ የተጻፈ አንድ የእምቢታ ዓረፍተ ነገር (ደረጃ 4 ላይ አለ፤ ገልብጠው በስልክዎ ማስታወሻ ላይ ያስቀምጡት)
• ወረቀትና ካልኩሌተር፣ ለደረጃ 6 ብቻ
• በአካል የሚሄዱ ከሆነ የመመለሻ ትራንስፖርት ገንዘብና የት እንዳሉ የሚያውቅ አንድ ሰው

በጽሑፍ ለመጣ ግብዣ ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከዚያ በላይ ከፈጀ እየተከራከሩ ነው ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ።

ደረጃ 1፦ ግብዣው ምን እንደሆነ ይለዩ

እውነተኛ ሥራ ያለው ሰው የሥራውን ዓይነትና የድርጅቱን ስም ከመጀመሪያው ይናገራል። የኔትወርክ ማርኬቲንግ ግብዣ ግን ሆን ተብሎ ስም አልባ ሆኖ ይመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስሙ ከተነገረዎት ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ከስብሰባው በፊት ይወስናሉ። ስለዚህ ጋባዦች «በስልክ አይገለጽም»፣ «መጥተህ በዓይንህ ካላየኸው አይገባህም» እንዲሉ ይሠለጥናሉ።

ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሰውየው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ እርስዎ ይጠይቃል፦ ደመወዝህ ይበቃሃል? ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ? «ከሥራህ ጎን ለጎን»፣ «የራስህ አለቃ»፣ «ተኝተህም ገቢ» የሚሉ ሐረጎች ይደጋገማሉ። ስለ ምርቱ ሲናገር የሚጠቅሰው ጥቅሙን እንጂ ዋጋውን አይደለም። ፎቶ ከላከ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መኪና፣ ቼክ ወይም መድረክ ላይ የተሸለመ ሰው ነው።

ከእነዚህ ሁለቱ ከተገጣጠሙ ግብዣውን እንደ ኔትወርክ ማርኬቲንግ ይያዙት። ተሳስተው ቢሆን እንኳ የሚያጡት ነገር የለም፤ እውነተኛ ቀጣሪ በደረጃ 3 ላሉት ጥያቄዎች ያለ ችግር ይመልሳል።

ደረጃ 2፦ ላኪው ማን እንደሆነ ይወስኑ

የሚመልሱት መልስ ከግብዣው ይልቅ በላኪው ላይ የተመሠረተ ነው።

ፈጽሞ የማያውቁት ሰው ከሆነ አይመልሱ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» እንኳ አይበሉ። ለብዙ ሺህ ሰው በአንዴ የሚላክ መልእክት ላይ መልስ መስጠት ቁጥሩ እንደሚሠራና ባለቤቱም መልእክት እንደሚያነብ ያረጋግጣል። ሪፖርት አድርገው ያግዱት፤ ደረጃ 3ን እና 4ን ይዝለሉ።

የሩቅ ትውውቅ (የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ) ከሆነ ደረጃ 3ን ዘለው በቀጥታ ወደ ደረጃ 4 ይሂዱ። አዲስ ተመዝጋቢዎች በመጀመሪያው ሳምንት የሚያውቋቸውን ሰዎች ሁሉ፣ ብዙ ጊዜ እስከ 100 ስም፣ በዝርዝር እንዲጽፉ ይደረጋል። እርስዎ ከዚያ ዝርዝር ላይ ነዎት። የድሮ ፍቅር ድንገት ተቀስቅሶ ላይሆን ይችላል፤ በእሱ ግን ሰውየውን አይውቀሱት፣ የተነገረውን ነው የሚያደርገው።

የቅርብ ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሆነ ሁሉንም ደረጃዎች ይከተሉ።

አለቃዎ፣ መምህርዎ ወይም በእርስዎ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ልውውጡ በጽሑፍ ብቻ ይሁን። በቃል ከጠየቀዎት በኋላ «ዛሬ ስላነሱልኝ ጉዳይ፣ እንደማልሳተፍ ላሳውቅዎት ነው» ብለው አጭር መልእክት ይላኩ። ኋላ በሥራዎ ላይ ጫና ቢመጣ ቀኑና ቃሉ የተመዘገበ ማስረጃ በእጅዎ ይኖራል።

ደረጃ 3፦ ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይጠይቁ

1. የድርጅቱ ሙሉ ስም ማን ነው?
2. ለመጀመር ስንት እከፍላለሁ? ከዚያ በኋላ በየወሩ ኮሚሽን ለማግኘት የምገዛው ዝቅተኛ መጠን አለ?
3. አንድም ሰው ሳላስመዘግብ፣ ዕቃውን ላልተመዘገበ ደንበኛ ብቻ ብሸጥ ስንት አገኛለሁ?

ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ሕጋዊውን የቀጥታ ሽያጭ ከፒራሚድ የሚለየው መስመር እዚያ ላይ ነው፦ ገንዘቡ የሚመጣው ዕቃውን ለራሱ ጥቅም ከሚገዛ ደንበኛ ነው ወይስ ለመግባት ከሚከፍል ተመዝጋቢ? የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ባወጣው ስለ ኢፍትሐዊ የንግድ አሠራር መመሪያ ውስጥ፣ ጥቅሙ በዋናነት ሌላ ሰው በማስገባት የሚገኝበት ፒራሚድ በማንኛውም ሁኔታ ከተከለከሉ አሠራሮች ተርታ ተመድቧል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ክስ ሲመሠርት የሚመረምረው ይህንኑ ነው። ምርት መኖሩ ብቻውን ነገሩን ሕጋዊ አያደርገውም፤ «እኛ ፒራሚድ አይደለንም፣ ዕቃ አለን» የሚለው መልስ ለጥያቄው መልስ አይደለም።

በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ የሚጠየቅበት ምክንያት አለው። በቃል «ምንም አትከፍልም» ያለ ሰው በጽሑፍ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ምዝገባው ነጻ ነው፣ ፓኬጁ ግን…» ይላል። እዚያ ላይ ያለችውን «ግን» ያስተውሏት።

መልሱ «ስንገናኝ እነግርሃለሁ» ከሆነ ጥያቄው ተመልሷል። ወደ ደረጃ 4።

ደረጃ 4፦ ምክንያት ሳይሰጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር እምቢ ይበሉ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ደረጃ ነው፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚህ ነው። ሰው ጨዋ መሆን ስለሚፈልግ ከእምቢታው ጋር ምክንያት ይጨምራል። ለጋባዡ ግን ምክንያት ማለት መፍትሔ የሚፈለግለት ችግር ነው፤ ለእያንዳንዱም የተጠና መልስ አለው፦

«ጊዜ የለኝም» ካሉ፣ «እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይበቃል፣ ጊዜ የሚሰጥህም ይኸው ሥራ ነው» ይባላሉ።

«ገንዘብ የለኝም» ካሉ፣ «ለዚህ አይደል የሚያስፈልግህ! ተበድረህ ግባ፣ በሁለት ወር ትመልሰዋለህ»።

«ባለቤቴን ላማክር» ካሉ፣ «አብራችሁ ኑ» ወይም «ውጤቱን ስታይ ነው የምታምነው፣ አሁን አትንገራት»። ሁለተኛው ሲባል ከሰሙ ወዲያውኑ ይውጡ፤ ከቤተሰብ ተደብቆ ገንዘብ እንዲወጣ የሚመክር ሰው ስለ እርስዎ ጥቅም አያስብም።

«መሸጥ አልችልም» ካሉ፣ «መሸጥ የለም፤ መጋራት ብቻ ነው»።

«ላስብበት» ካሉ ደግሞ ይባስ፤ ይህ በጋባዡ ማስታወሻ ላይ ቀን ተቆርጦለት ይጻፋል፣ በዚያ ቀንም ይደወልልዎታል።

ምክንያት የሌለው እምቢታ ግን መያዣ የለውም። የሚከተለውን እንዳለ ይላኩ፦

ለጓደኛ፦ «ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ። ኔትወርክ ማርኬቲንግ ውስጥ አልገባም፣ ወደፊትም አልገባም። ስለ ሌላ ጉዳይ ግን በማንኛውም ጊዜ ደውልልኝ።»

በዕድሜ ለሚበልጥ ዘመድ፦ «እትዬ፣ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ሥራ ግን ለእኔ አይሆንም፤ ሌላ ጊዜም እንዳያነሱብኝ እለምንዎታለሁ። ደህንነትዎን ለመጠየቅ ሰሞኑን እደውላለሁ።»

«ወደፊትም» የሚለው ቃል የተጨመረው «አሁን አይመቸኝም» የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ እምቢ ያሉት ሥራውን እንጂ ሰውየውን አለመሆኑን ይነግረዋል። ሰዎች እምቢ ከተባሉ በኋላ የሚቀየሙት ብዙ ጊዜ ስለ እምቢታው ሳይሆን እንደ ተሸሹ ስለሚሰማቸው ነው። ስለዚህ እደውላለሁ ካሉ ይደውሉ።

እንደገና ቢጠየቁ ያንኑ መልእክት አንድም ቃል ሳይቀይሩ ይድገሙት። አነጋገር ከቀየሩ ሐሳብዎ እየላላ ያለ ይመስላል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አይመልሱ፤ የዚያን ሰው ማሳወቂያ ያጥፉ ወይም፣ የሩቅ ሰው ከሆነ፣ ያግዱት።

ደረጃ 5፦ ሳይጠይቁ ወደ ግሩፕ መግባትን ይዝጉ

ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ኢንቫይትስ (በቆዩት ቨርዥኖች ግሩፕስ ኤንድ ቻነልስ ይላል) ውስጥ ገብተው «ማይ ኮንታክትስ» የሚለውን ይምረጡ። ጋባዡ ራሱ በኮንታክትዎ ውስጥ ካለ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያው ገጽ ላይ «ኔቨር አላው» በሚለው ሥር ስሙን ይጨምሩ። ዋትስአፕ ላይ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ፣ ግሩፕስ፤ እዚያም «ማይ ኮንታክትስ ኤክሴፕት» የሚለውን መርጠው ሰውየውን ምልክት ያድርጉበት።

አስቀድመው ገብተው ከሆነ ግሩፑ ውስጥ ምንም ሳይጽፉ ይውጡ። የስንብት መልእክት ከጻፉ አባላቱ በየግል መልእክት ይከተሉዎታል።

ደረጃ 6፦ ከተጠራጠሩ ሒሳቡን በራስዎ ወረቀት ይሥሩ

ግብዣው ልብዎን ከነካው፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ ለመግባት ያሰበ ሰው ካለ፣ በስብሰባው ነጭ ሰሌዳ ላይ የተሠራውን ሒሳብ አይመኑ። እዚያ ላይ የሚሠራው ገቢ ብቻ ነው፤ ወጪው አይጻፍም።

ወጪውን ይጻፉ። ለምሳሌ «ንቁ» ሆኖ ለመቆየት በየወሩ የሚገዛው ዕቃ 100 ይሁን (በየትኛውም ገንዘብ ይተርጉሙት)፣ ትራንስፖርት፣ የስልክና የስብሰባ ወጪ ደግሞ 20። ወርኃዊ ወጪ 120 ነው። ዕቃውን እርስዎ ራስዎ ከተጠቀሙበትና ከሽያጭ የሚያገኙት ትርፍ 25 በመቶ ከሆነ፣ ሳይከስሩ ዜሮ ላይ ለመድረስ ብቻ በየወሩ ለሌሎች ሰዎች የ480 ዕቃ መሸጥ አለብዎት (120 ለ0.25 ሲካፈል)። በማስመዝገብ ከሆነ ደግሞ፣ ከሥርዎ ካለ ሰው ግዢ 5 በመቶ ቢታሰብልዎ፣ እያንዳንዱ 100 ሲገዛ የሚደርስዎ 5 ነው፤ 120ን ለመሸፈን 24 ሰዎች ያለማቋረጥ በየወሩ መግዛት አለባቸው። ስድስቱ ካቆሙ በዚያው ወር ሌላ ስድስት ማግኘት ይኖርብዎታል። የድርጅቱን ትክክለኛ ቁጥሮች በእነዚህ ቦታ ያስገቡ።

ከዚያ «እያንዳንዱ ስድስት ሰው ያስገባል» የሚለውን ሰንጠረዥ ይቀጥሉበት። 6፣ 36፣ 216 እያለ ይሄዳል። አሥራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ ይሆናል፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ 13 ቢሊዮን፣ ማለትም በምድር ላይ ካለው ሰው ቁጥር ይበልጣል። በሰሌዳው ላይ የሚሠራው ሰውዬ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ወይም አምስተኛው ደረጃ ላይ ያቆማል። በየትኛውም ሰዓት ቢቆም ደግሞ ከተመዘገበው ሰው አብዛኛው የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ከሥሩ ማንም ሳይኖር ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የድርጅቱን የገቢ መግለጫ ይጠይቁ። አንዳንድ ድርጅቶች ተሳታፊዎቻቸው በዓመት ምን ያህል እንደሚያገኙ የሚያሳይ ሰነድ ያወጣሉ። ሲያነቡት ሁለት ነገሮችን ያጣሩ፦ ገቢ ያላገኙ ሰዎች ተቆጥረዋል ወይስ «ንቁ አባላት» ብቻ ናቸው የገቡት? ወጪስ ተቀንሷል? የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች በ2024 የ70 ድርጅቶችን መግለጫ መርምረው ነበር። በአብዛኞቹ መግለጫዎች መሠረት አብዛኛው ተሳታፊ ያገኘው በዓመት 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ቢያንስ በ17ቱ ድርጅቶች ውስጥ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ምንም አላገኙም። ይህም ወጪ ሳይቀነስ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በአካል ከሄዱ

መሄድ አንመክርም፤ ሆኖም «የሥራ ቃለ መጠይቅ» ተብሎ ተጠርተው ነገሩ ኔትወርክ ማርኬቲንግ መሆኑን አዳራሹ ውስጥ ከደረሱ በኋላ የሚረዱት ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ከሆነ፦

• በር አጠገብ ይቀመጡ። ጋባዡ መሐል ላይ ሊያስቀምጥዎ ይሞክራል፤ ከመሐል ለመውጣት አሥር ሰው ማስነሣት ስለሚከብድ ብዙዎች እስከ መጨረሻው ይቀመጣሉ።
• በጋባዡ መኪና አይሂዱ።
• መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም የባንክ ካርድ ለማንም አይስጡ፤ ፎቶም አያስነሡ።
• ስልክዎን «ላስመዝግብህ» ለሚል ሰው አያቀብሉ። በስልክዎ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይንገሩ፤ በዚያ ቁጥር በስምዎ ሊመዘገቡ ወይም ከሂሳብዎ ሊከፈል ይችላል።
• «ዛሬ ለገቡ ብቻ» የሚለው ቅናሽ ነገም አለ። ችኮላው የተፈጠረው ቤት ገብተው እንዳያስቡ ነው።
• ለመውጣት ፈቃድ አይጠይቁ። ቆመው «መሄድ አለብኝ» ይበሉና ይሂዱ። «ምነው?» ለሚለው መልሱ ያው «መሄድ አለብኝ» ነው።

ሥራ ተገኝቷል ተብለው ወደ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ከተጠሩ፣ የቀጣሪውን ስምና አድራሻ በሌላ መንገድ ሳያረጋግጡ አይጓዙ። እንዲህ ተጠርተው ሲደርሱ ሰነዳቸውን ተነጥቀው፣ ዘመዶቻቸውን ደውለው እንዲያስገቡ የተገደዱ ሰዎች አሉ።

የተለመዱ ስሕተቶች

«ለመርዳት» አንድ ዕቃ መግዛት። በደግነት ይደረጋል፤ ግን ስምዎን ከደንበኛ ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። ቀጣዩ ጥያቄ «ዕቃውን ከወደድከው ለምን በሙሉ ዋጋ ትገዛለህ? ተመዝገብና በቅናሽ ውሰድ» የሚል ነው። ዘመድዎ ተቸግሮ ከሆነ የሚችሉትን ገንዘብ በእጁ ይስጡት፤ ከዕቃው ዋጋ ለእሱ የሚደርሰው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው።

የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር መስጠት። «እኔ አልችልም፣ እሷ ግን ትፈልግ ይሆናል» ማለት ለራስ ማምለጫ ይመስላል። ጋባዡ ሲደውልላት የሚጠቅሰው የእርስዎን ስም ነው።

መከራከርና ማሾፍ። ውስጥ ያለ ሰው «ህልም ሰራቂዎች ይመጡባችኋል» ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮታል። ሲሰድቡት የተነገረው እውነት ሆኖ ይታየዋል፤ ኪሳራው ሲገባውም ወደ እርስዎ ለመምጣት ያፍራል።

የግል መልእክቱን ከነስሙ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። ላኪው ብዙ ጊዜ ራሱ ገንዘቡን ያጣ ሰው ነው፤ ከዚህም በላይ በሕግ ሊያስጠይቅዎ ይችላል። ማስረጃው ለሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም ለፖሊስ የሚቀርብ ነው።

አስቀድመው ከፍለው ከሆነ

ቀኑ ወሳኝ ነው፤ በርካታ አገሮችና ድርጅቶች ያለ ምክንያት ውል የሚፈርስበት አጭር ጊዜ ይሰጣሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረውም በቀናት ነው። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

በመጀመሪያ በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ካለ በባንክዎ በኩል ያስቁሙ። ድርጅቱ እስኪያቆመው ከጠበቁ ቀጣዩ ወር ይደርሳል። ቀጥሎ የስረዛ ጥያቄዎን ለድርጅቱ ራሱ በጽሑፍ ይላኩ፤ ላስመዘገበዎት ሰው አይደለም፣ ምክንያቱም እሱ የእርስዎ መውጣት ኮሚሽኑን ስለሚቀንስበት «ትንሽ ታገስ» እያለ ቀኑን ያሳልፍብዎታል። በጥያቄው ውስጥ የተመዘገቡበትን ቀን፣ የከፈሉትን መጠን፣ የደረሰኝ ቁጥርና የሚፈልጉትን ይጻፉ፦ ምዝገባው እንዲሰረዝና ገንዘቡ እንዲመለስ።

ያልተከፈተ ዕቃ አይክፈቱ፣ አያድሉ። የዓለም አቀፉ የቀጥታ ሽያጭ ማኅበራት ፌዴሬሽን ደንብ፣ አንድ አባል ሲለቅ ባለፉት 12 ወራት የገዛውንና ሊሸጥ የሚችለውን ዕቃ ድርጅቱ ቢያንስ በ90 በመቶ ዋጋ መልሶ እንዲገዛው ይጠይቃል። ድርጅቱ በዚያ ሥር ካለ ማኅበር አባል ከሆነ ይህንን ጠቅሰው ይጻፉ። ካልሆነም ውሉ ውስጥ የመመለሻ አንቀጽ ይፈልጉ።

ደረሰኞችን፣ የመልእክት ልውውጦችንና የገቢ ተስፋ የተሰጠባቸውን ቪዲዮዎች ከመውጣትዎ በፊት በስልክዎ ያስቀምጡ። ከግሩፑ ከወጡ ወይም አካውንትዎ ከተዘጋ በኋላ አያገኟቸውም። አቤቱታ ሲያቀርቡ የሚጠየቁትም እነዚህኑ ነው።

በእርስዎ በኩል የገቡ ሰዎች ካሉ መውጣትዎንና የስረዛ ጥያቄ የሚቀርብበትን ቀነ ገደብ በዚያው ቀን ይንገሯቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ «የጠፋ ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያ ይላኩ» የሚል ሰው ከደወለልዎ አይላኩ፤ ቁጥርዎን ያገኘው አንድ ጊዜ ከፍለው ከነበሩ ሰዎች ዝርዝር ላይ ሊሆን ይችላል።